የመዝገብ ቤት ወግ፦ ተጠባባቂው ሰርቨርና የጋራው ማኅደር



ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍና ስለ ዶሴ አቀማመጥ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ዶሴው ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ሰርቨር ከገባ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ይኸውም አማርኛን በሥራ ላይ ሁነው ከሚማሩት አንባቢዎቻችን መካከል አንዳንዶቹ፣ «ኃላፊነት ያለብን በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው ወይስ በመሣሪያውም ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ስላቀረቡልን ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ ወረቀቱ ወደ መሣሪያው ከገባ ኃላፊነቱም አብሮት ገብቷል።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ እንነጋገር። ሰርቨር የሚባለው በኔትዎርክ ለተያያዙት ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። የጋራ ማኅደር የምንለው ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች ሁሉ ከየጠረጴዛቸው እየከፈቱ የሚያነቡትና የሚጽፉበት የፋይል ማስቀመጫ ነው። ክላስተር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰርቨሮች እንደ አንድ ሁነው አንድን አገልግሎት የሚጠብቁበት ማኅበር ነው፤ ከእነርሱ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል። ይህንን መረካከብ ባለሙያዎቹ «ፌይልኦቨር» ይሉታል፤ እኛ ግን «ርክክብ» ብንለው የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ሥራውን ለመረከብ ተዘጋጅቶ የሚቈየውንም «ተጠባባቂ» እንለዋለን። ተጠባባቂ የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት አማርኛ ሁለት ስሜት እንዳለው ልብ ይሏል። አንዱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሹሙ በሌለበት ጊዜ በሹሙ ስፍራ ሁኖ የሚፈርም ማለት ነው። ሁለተኛው ሰርቨር ሁለቱንም ስሜት በአንድ ቀን ውስጥ ሊይዝ ይችላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቫክስክላስተር የሚባለውን ሥርዓት ያቀረበው በ1983 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ሰን ማይክሮሲስተምስ ኤን.ኤፍ.ኤስ. የተባለውን የጋራ ማኅደር ሥርዓት በ1984 አወጣ። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት የምንጠቀምበት ኤስ.ኤም.ቢ. የተባለው ደግሞ በዚያው ዘመን በአይ.ቢ.ኤም. ውስጥ የተወለደ ነው፤ ማይክሮሶፍት ወርሶ አሳደገው፤ አንድሪው ትሪጀል የተባለው አውስትራሊያዊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳምባ የተባለውን ፕሮግራም ጽፎ ለሌሎቹም ሰርቨሮች አካፈለው። ማይክሮሶፍት የራሱን ክላስተር ያወጣው በ1997 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ማኅበሩ የሚይዘው ሁለት ሰርቨሮችን ብቻ ነበር። በ2012 በወጣው ዊንዶውስ ሰርቨር ግን እስከ 64 ድረስ ሊሆኑ ቻሉ። የቀረውን ታሪክ ለባለ ታሪኮቹ እንተወው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ስላገኘሁት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ የገንዘብ ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ሁኜ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ክላስተር ተተከለ። ሁለት ሰርቨሮች፣ ሁለቱም የሚደርሱበት አንድ የጋራ ዲስክ፣ በመካከላቸውም የሚያገናኛቸው መስመር ነበረ። በምረቃው ዕለት የመሣሪያ ክፍሉ ሹም በኃላፊዎቹ ፊት የአንደኛውን ሰርቨር የኤሌክትሪክ ገመድ በእጁ ነቀለው፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛው ሥራውን ተረከበ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ ወደየቢሯችንም ተመለስን። ከዚያ በኋላ ማንም ገመድ አልነቀለም።

ዘጠኝ ወር ያህል አለፈና የፋሲካ ሰሞን ደረሰ። ለበዓሉ ሲባል የወሩ ደመወዝ ቀደም ብሎ በጸሎተ ሐሙስ እንዲከፈል ታዘዘ። ረቡዕ ከቀትር በኋላ የአንደኛው ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ተጠባባቂው እንደ ምረቃው ቀን ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተረከበ። የመዝገብ ቤቱ ማኅደር ተከፈተ፤ የሕግ ክፍሉ ተከፈተ፤ የንብረት ክፍሉም ተከፈተ። የፔሮሉ ማኅደር ግን የለም። አልተሰረዘም፤ አልተሰረቀምም፤ እንዲህ ያለ ማኅደር በዚህ ስም አይታወቅም የሚል መልስ ብቻ ይመጣል። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ዝርዝር ያለበት ሌላው ማኅደር ደግሞ በስፍራው ይታያል፤ ነገር ግን ሦስቱም የሒሳብ ሠራተኞች ሊከፍቱት ሲሞክሩ «ፈቃድ የለህም» ይላቸዋል። ይህ ሁለተኛው እንቆቅልሽ እጅግ አስገረመን፤ ምክንያቱም የአይቲ ባለሙያው ራሱ ሲሞክረው ያለ አንዳች ችግር ይከፈትለታል።

የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ፣ በዚያ ሌሊት ከእኛ ጋር አመሹ። ባለሙያውን፣ ገና ወጣት ልጅ ነው፣ ጠርተው፦

«ና እስቲ ልጄ፤ ቁጭ በልና አስረዳኝ። ይህ የጠፋው ማኅደር የተከፈተው በማን ስም ነው?» አሉት።

«በአንደኛው ሰርቨር ስም ነው ጋሼ።»

«አንደኛው ሰርቨር የሹሙ ስም ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ ስም?»

ልጁ ዝም አለ።

«እኔ በሹም ስም ዶሴ ከፍቼ አላውቅም። ሹም ይታመማል፤ ሹም ይዛወራል። ዶሴ የሚከፈተው በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ ልጁ። «እኔ በችኮላ የከፈትኩት በሹሙ ስም ነው።»

ችኮላው የማን እንደ ሆነ እኔ አውቅ ነበር። ከሦስት ወር በፊት የፔሮሉ ስፍራ ጠበበ ብዬ፣ «ዛሬውኑ ሰፋ ያለ ማኅደር ይከፈትልን» የሚል ማስታወሻ ጽፌ የፈረምኩበት እኔ ነኝ። ልጁም በክላስተሩ ደንብ መሠረት ከመክፈት ይልቅ በአንደኛው ሰርቨር በራሱ ዲስክ ላይ፣ በዚያው ሰርቨር ስም ከፈተልኝ። በዕለቱ ሥራችን ቀለለ፤ እኔም አመሰገንኩት።

እዚህ ላይ አሠራሩን ገለጥ አድርገን እንመልከተው። በክላስተር ውስጥ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ስምና የራሱ አድራሻ አለው። ከእነዚህ ሌላ ግን ለፋይሉ አገልግሎት ብቻ የሚሰጥ ሦስተኛ ስምና አድራሻ አለ። ይህ ስም የማንም ሰርቨር የግል ንብረት አይደለም፤ ሥራውን በያዘው ሰርቨር ላይ ያርፋል፤ ርክክብ ሲሆን ከጋራው ዲስክ ጋር አብሮ ወደ ተረካቢው ይሄዳል። ሠራተኛው ከጠረጴዛው ሁኖ የሚጠራው ይህንኑ ስም ብቻ መሆን አለበት። ማኅደሩም ሲከፈት በክላስተሩ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም፣ በዚህ ስም ሥርና በጋራው ዲስክ ላይ መከፈት አለበት። እንዲህ ከሆነ የማኅደሩ ስም፣ ዲስኩና ፈቃዱ አንድ ላይ ተያይዘው ይንቀሳቀሳሉ። ከደንቡ ውጭ የተከፈተ ማኅደር ግን ለክላስተሩ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፤ ክላስተሩም ምንም እንደ ጐደለበት አያውቅም። በጧቱ የምርመራ ገጽ ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሁኖ ይታይ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2008 ከወጣው ዊንዶውስ ሰርቨር በፊት በነበሩት ክላስተሮች ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር፤ ማኅደሩ በትክክል ተከፍቶ እንኳ የመግቢያ ፈቃዱ በተለመደው የፋይል መስኮት በኩል የተሰጠ እንደ ሆነ፣ በርክክብ ጊዜ ፈቃዱ ይጠፋ ነበር።

የሁለተኛው እንቆቅልሽ ፍች ከዚህ ይጠልቃል። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ የሆነ የተጠቃሚዎችና የቡድኖች መዝገብ አለው። ልጁ በአንደኛው ሰርቨር መዝገብ ላይ «ሒሳብ ክፍል» የሚል ቡድን አቋቁሞ፣ የትርፍ ሰዓቱን ማኅደር ለዚያ ቡድን ፈቅዶ ነበር። ዲስኩ የጋራ ነው፤ ስፍራው ትክክል ነው። ነገር ግን በፋይሉ ላይ የሚጻፈው የቡድኑ ስም ሳይሆን ረጅም የመታወቂያ ቍጥር ነው። ሁለተኛው ሰርቨር ዲስኩን ተረክቦ ቍጥሩን ሲያነብ በራሱ መዝገብ ውስጥ አላገኘውም፤ የማይታወቅ ሰው ነው ብሎ በሩን ዘጋ። በሁለተኛውም ላይ «ሒሳብ ክፍል» የሚል ቡድን ቢቋቋም አይጠቅምም፤ በሁለት ቀበሌ የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች ስማቸው አበበ ስለ ሆነ አንድ ሰው አይሆኑም። ለባለሙያው የተከፈተለት «አስተዳዳሪዎች» የሚባለው ቡድን ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ፣ ቍጥሩም በሁሉም ሰርቨር ላይ አንድ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ፈታኙ ሁልጊዜ ይገባል፤ ባለ ጕዳዩ ይቀራል። ክቡራን አንባቢዎች፣ አንድን ማኅደር በአስተዳዳሪ ስም ገብቶ ፈትሾ «ይሠራል» ማለት፣ የቢሮው ሹም በራሱ በር ገብቶ ወረፋ የለም እንደ ማለት ነው።

ፈቃድ መሰጠት ያለበት ሁለቱም ሰርቨሮች በሚያምኑት በማዕከላዊው መዝገብ፣ ማለት በዶሜኑ ውስጥ በተቋቋመ ቡድን ነው። በዚያም ላይ ለሰው ሳይሆን ለሥራ መደብ ይሰጥ። ሰው ሲዛወር ከቡድኑ ይወጣል፤ ተተኪው ይገባል፤ ማኅደሩን የሚነካው የለም። በር ሁለት መሆኑንም አንርሳ፤ አንዱ በኔትዎርክ የሚገባበት የማኅደሩ በር ነው፤ ሁለተኛው በዲስኩ ላይ ያለው የፋይሉ በር ነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ቢናገሩ የሚጸናው የጠበበው ነው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው የውጭውን በር ለታወቁ ሠራተኞች ሰፋ አድርጎ፣ ቍጥጥሩን በውስጠኛው በር ላይ ማድረግ ነው። አለዚያ አንድ ሰው ለምን እንደ ተከለከለ ለማወቅ ሁለት መዝገብ ሲገለባበጥ ይመሻል።

ወደ ረቡዕ ሌሊት እንመለስ። የትርፍ ሰዓቱ ማኅደር በአንድ ሰዓት ውስጥ ተስተካከለ። የፔሮሉ ግን አልተቻለም። ፓወር ሰፕላዩ በከተማው አልተገኘም። ዲስኮቹን አውጥቶ በሌላው ላይ ስለ መሰካት ተነሣ፤ ባለሙያው ግን በስሕተት ቢነካ ያለውም ሊጠፋ እንደሚችል ነግሮን አልደፈረም፤ ትክክልም ነበረ። የማታ ማታ የሚወሰደው ቅጂስ? ቅጂው የሚወሰደው ከጋራው ዲስክ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ያወጣን፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም በየወሩ «ታትሞ ይምጣልኝ» እያሉ ሲያስቸግሩን የነበረው የወረቀት ፔሮል ነው። ሦስት ጸሐፊዎች ሌሊቱንና ሐሙስን ሙሉ ስም በስም ሲጽፉ ዋሉ። ሲጨርሱ ባንክ ተዘግቷል፤ ዓርብ ስቅለት ነው። ገንዘቡ በየሰው ሒሳብ የገባው ቅዳሜ ከቀትር በፊት ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር።

ለእኔና ለባልደረቦቼ ይህ የሁለት ቀን መዘግየት ነበር። ከጽዳት ሠራተኞቻችን አንዲቱ፣ አራት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት፣ ዶሮውን ከጎረቤት በዱቤ ወስዳ፣ ሐሙስ ለመክፈል ቃል ሰጥታ ኖሯል። ከበዓሉ በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ፣ «ምን ያድርጉ፣ መሣሪያው ነው አሉ» አለችኝ። መሣሪያው አለመሆኑን፣ የፈረምኩት ማስታወሻ መሆኑን ነገርኳት። ነገሩ ገብቷት እንደ ሆነ አላውቅም፤ ብቻ ፈገግ ብላ ባልዲዋን አነሣች።

አሁን ደግሞ ከርክክብ ሁሉ የሚከብደውን ጕዳይ እናንሣ። ሹሙ መውደቁ በምን ይታወቃል? ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት በየሴኮንዱ ይለዋወጣሉ፤ ባለሙያዎቹ የልብ ትርታ ይሉታል። በዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር ቱ፣ በአንድ መረብ ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች 5 ትርታ ተከታትሎ ሲቀርባቸው ባልንጀራቸው እንደ ወደቀ ይቈጥሩ ነበር፤ ከ2016ቱ ጀምሮ በተለመደው አቀማመጥ ይህ ቍጥር 10 ሁኗል። ቍጥሩ ቢያንስ በጥቂት የመስመር መቆራረጥ ሁሉ ርክክብ ይሆናል፤ ቢበዛ ደግሞ የሞተው ሹም ወንበር ባዶውን ይቈያል።

ነገር ግን የተቋረጠው በመካከላቸው ያለው መስመር ብቻ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ሁለቱም ባልንጀራዬ ወድቋል ይላሉ፤ ሁለቱም ማኅተም ይዘው በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ይጀምራሉ። መዝገቡም ይበላሻል። ይህን ለመከላከል ክላስተር በምልዓተ ጉባኤ ይተዳደራል። እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ድምፅ አለው፤ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ ያልያዘ ወገን ሥራውን ማቆም አለበት። ሰርቨሮቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን አንዱ ብቻውን አብላጫ ሊሆን ስለማይችል፣ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ምስክር ይሾማል። ምስክሩ አነስተኛ የጋራ ዲስክ፣ ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ማኅደር፣ ወይም ከ2016 ወዲህ በክላውድ ያለ ስፍራ ሊሆን ይችላል። የዲስኩ ምስክር የክላስተሩን መዝገብ ቅጂ ይይዛል፤ የማኅደሩ ምስክር ግን የቅርቡን መዝገብ የያዘው ማን እንደ ሆነ ብቻ ያስታውሳል። ይህ ምስክር የሚሆነው ማኅደር በዚያው በክላስተሩ ላይ ሊቀመጥ አይገባም፤ ከተከራካሪዎቹ ቤት የሚያድር ምስክር ቃሉ አይጸናም።

ስለ ፍጥነቱም አንድ ቃል እንጨምር። በ2012 ከወጣው ኤስ.ኤም.ቢ. 3.0 ወዲህ፣ ሠራተኛው የከፈተው ሰነድ በርክክብ ጊዜ ሳይዘጋ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቆም ብሎ እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ይህ ሲፈቀድ እያንዳንዱ ጽሑፍ በእርግጥ ዲስኩ ላይ እስኪደርስ መጠበቅ ስላለበት ሥራው ይዘገያል። ሁሉም ሰርቨሮች ባንድ ጊዜ አንዱን ማኅደር የሚያገለግሉበት «ስኬል አውት» የተባለውም ዓይነት የተሠራው በተለይ ለዳታቤዝና ለቨርቹዋል ማሽን ፋይሎች ነው፤ ደብዳቤና ሠንጠረዥ ለሚጽፍ መሥሪያ ቤት ተራው የፋይል ክላስተር ይበቃል። በእኔ አስተያየት ስሙ ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ የሚገዛ ነገር በመሥሪያ ቤቶቻችን በዝቷል። ሻጮቹ 99 ከመቶ፣ 99.9 ከመቶ እያሉ ሲያቀርቡም ቍጥሩን ወደ ሰዓት መልሶ ማስላት ደግ ነው። 99 ከመቶ ማለት በዓመት ከሦስት ቀን ተኩል በላይ መቋረጥ ነው፤ 99.9 ማለት ስምንት ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል ነው፤ 99.99 ማለት 53 ደቂቃ ያህል ነው። የእኛው ክላስተር በዚያ ዓመት በሪፖርቱ ላይ የያዘው ቍጥር እጅግ ያማረ ነበር፤ ያ የፔሮል ማኅደር ከክላስተሩ ውጭ ስለ ነበረ አልተቈጠረበትም።

ክላስተር ቅጂን እንደማይተካም ሊታወቅ ይገባል። አንድ ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘው ፋይል በሁለቱም ሰርቨሮች ዘንድ ተሰርዟል፤ ዲስኩ አንድ ነውና። በግንቦት ወር 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ሲዛመት የገባው በአሮጌው በኤስ.ኤም.ቢ. 1 ቀዳዳ በኩል ነው፤ የብሪታንያን ሆስፒታሎች ጭምር ሥራ አስፈትቷል። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ነበር። ተጠባባቂ ሰርቨር ቢኖር ኖሮ የተቈለፈውን ፋይል እንደ ተቈለፈ ይረከብ ነበር እንጂ አይፈታውም። አሮጌው ኤስ.ኤም.ቢ. 1 ዛሬም ክፍት ከሆነ ይዘጋ፤ ቅጂውም ከክላስተሩ ተለይቶ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

ከዚያ ፋሲካ ወዲህ በመሥሪያ ቤታችን በየሦስት ወሩ፣ ቅዳሜ ጧት ርክክብ ይደረጋል። ገመድ አይነቀልም፤ በማስተዳደሪያው ፕሮግራም በኩል አንደኛው ሰርቨር እንዲያርፍ ይታዘዛል፣ ሥራውን ለሁለተኛው ያስረክባል፣ በዚያውም ጊዜ የወሩ ማሻሻያ ይጫንለታል። ፈታኞቹ ግን የአይቲ ሰዎች አይደሉም። ከየክፍሉ አንድ ሠራተኛ ይጠራና በራሱ ስም ገብቶ የራሱን ማኅደር ይከፍታል፣ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ይዘጋል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ያወጡት የማኅደሮች ዝርዝር በሰርቨር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በእያንዳንዱ ፊት ለፊት የፈታኙ ፊርማ ይሰፍራል። ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ሦስቱም ማኅደሮች ተከፈቱ፤ ፊርማውም ሞላ። ሊሄዱ ሲነሡ የደብዳቤ ክፍሏ ጸሐፊ አንድ ወረቀት በስካነር ላይ አስቀምጣ ብትጫነው አልሄደም። ሲታይ፣ ስካነሩ ሰነዱን የሚልከው ዛሬም በአንደኛው ሰርቨር ስም ነበር። ልጁ፣ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ሁኗል፣ ስሙን ለወጠና በዝርዝሩ ግርጌ «24. ስካነር» ብሎ በእጁ ጻፈበት።